ሲሄዱ የሚረዝም፣ ሲመለሱ የሚያጥር መንገድ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬም የምናገረው ከሐዋሳ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ስለ ጀመረ ድምፁ ከረበሻችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እናቴ እኅቴን ልትጠይቅ ወደ ዋሽንግተን ልትሄድ ነው። ትኬቷን ሳነብላት፣ መሄጃው በመንገድ ላይ ከሚደረገው እረፍት ጋር ወደ 17 ሰዓት፣ መመለሻው ግን 13 ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅ ሰማችና፣ «መንገዱ አንድ አይደለም እንዴ? ሲመለስ ማን አሳጠረው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ስላልነበረኝ ሳምንቱን ሙሉ ስጠይቅና ሳነብ ሰነበትሁ።

ርቀቱ በእርግጥ አንድ ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በአጭሩ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በምናውቀው ካርታ ማስመሪያ ብናስቀምጥ መስመሩ በቻድና በማሊ በኩል ወደ ምዕራብ ያልፋል፤ በሉል ላይ ክር ወጥረን ብናይ ግን አጭሩ መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ አልጄሪያንና ስፔንን አቋርጦ ወደ አትላንቲክ ይወጣል። አውሮፕላኑ ይህን ክር ሁልጊዜ አይከተልም፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የሱዳን ጦርነት ሲጀመር የአገሪቱ የአየር ክልል ተዘግቶ ብዙ በረራዎች ዙሪያውን ለመሄድ ተገደው ነበር።

የእናቴን ጥያቄ የሚመልሰው ግን ከፍታው ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ክንፉም ሞተሩም የሚያገኙት ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ መንገደኛውንና ጭነቱን ይዞ፣ ነዳጁንም እስከ አሜሪካ እንዲበቃ ሞልቶ ሊነሣ ስለማይችል በመንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ደብሊን የሚያርፍባቸው ጊዜያት ነበሩ። ደለስ ግን ከባሕር ጠለል ብዙም ስለማይርቅ፣ ከዚያ የተነሣው አውሮፕላን ሳያርፍ ቦሌ ይደርሳል። በዚህ ላይ በአትላንቲክ ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ሂያጁን ከፊት ይገፋዋል፣ ተመላሹን ከኋላ ያግዘዋል።

ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የዋሽንግተን ሰዓት ከእኛ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ትኬት ላይ የሚጻፈውም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ባለፈው ጊዜ እኅቴ ስትመጣ 7:30 የሚለውን በእኛ ቆጥሬ፣ ከሐዋሳ ተረጋግቼ ተነሥቼ ከሰዓት በኋላ ቦሌ ስደርስ፣ እርሷ ከጠዋቱ 1:30 ጀምሮ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀኝ ውላለች። እስካሁን ታነሣብኛለች።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ዘርዝሬ ነገርኋት። እርሷ ጉዞውን የምትቆጥረው ከቤታችን በር ጀምሮ ስለሆነ፣ በአውቶቡስ ከምንሄደው 275 ኪሎ ሜትር ይልቅ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ያለው የ40 ደቂቃ ያህል በረራ ለጉልበቷ እንደሚሻል ተስማማን። ከዚያም ሽሮና በርበሬ የታጨቀባቸውን ሁለት ሻንጣዎች አየት አድርጋ፣ «ነዳጅ የሚያጎድሉት ጭነት ስለሚበዛባቸው ነው?» አለችኝ። አንዱ ምክንያት እርሱ መሆኑን ነገርኋት።

«በርበሬውንስ አልቀንስም» አለች። «አርፈው ይቅዱ።»