አስቫብ 31 ካመጣችሁ በኋላ፦ የሥራ ምርጫችሁን የሚወስኑት ቁጥሮች

[ስክሪኑ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ፦ 31]

የሃይስኩል ዲፕሎማ ያለው ሰው የአሜሪካ ምድር ጦር ለመግባት ማምጣት ያለበት ዝቅተኛ የአስቫብ፣ ማለትም የውትድርና መግቢያ ፈተና፣ ውጤት ይሄ ነው። በዲፕሎማ ፈንታ ጂኢዲ (የሃይስኩል አቻ ፈተና) ላለው ሰው ወደ 50 ከፍ ይላል። ሪክሩተር (ወታደር መልማይ) ቢሮ የሚመላለስ ልጅ ጭንቀቱ ሁሉ እዚህ ቁጥር ላይ ነው፤ ካለፈው "ተገላገልኩ" ይልና የቀረውን የውጤት ወረቀት ሳያይ ያጥፈዋል። እኔ ግን ማውራት የምፈልገው ስለዚያ ስለታጠፈው ወረቀት ነው፤ አራት ዓመት ምን ስትሠሩ እንደምትኖሩ የሚወስነው እሱ ነውና።

መጀመሪያ 31 ምን ማለት እንደሆነ እንግባባ። ኤኤፍኪውቲ የሚባለው ይሄ ውጤት ከመቶ ስንት መለሳችሁ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ከ18 እስከ 23 ዓመት የሆናቸው አሜሪካ ያሉ ወጣቶች በናሙና ተፈትነው ነበር፤ የእናንተ ውጤት የሚለካው ከእነሱ ጋር ነው። 31 ማለት ከመቶዎቹ ከ31ዱ ጋር እኩል ናችሁ፣ ወይም ትበልጧቸዋላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ 60 ያመጣ ልጅ ቤት ሲገባ "ዲ ነው እንዴ ያመጣኸው?" ብላችሁ አትቆጡት፤ ጥሩ ውጤት ነው። ጣሪያው 99 ነው።

[ስክሪኑ ላይ፦ የዘጠኙ ክፍሎች ዝርዝር፤ አራቱ ቀለማቸው ይቀየራል]

አስቫብ ውስጥ ዘጠኝ ዓይነት ጥያቄ አለ፦ ሳይንስ፣ የሒሳብ ጥያቄ በዓረፍተ ነገር፣ ንጹህ ሒሳብ፣ ቃላት፣ አንብቦ መረዳት፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ መኪናና የጋራዥ ሥራ፣ መካኒክስ፣ ቅርጽ ማገጣጠም። ኤኤፍኪውቲ የሚወጣው ከአራቱ ብቻ ነው፤ ከሁለቱ የሒሳብ ክፍሎች፣ ከቃላትና ከንባብ። አሁን የምለውን ልብ በሉ፦ ቃላትና ንባብ አንድ ላይ ተደምረው የሚያወጡት ውጤት በስሌቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ሒሳብ እንደ ውኃ የሚጠጣ ልጅ 40ዎቹ ውስጥ ሲቀር "እንዴት ሊሆን ይችላል?" ይላል፤ ብዙ ጊዜ የጎተተው ቃላቱ ነው። ሀገር ቤት ተምሮ ለመጣ ሰው የጥናት ሰዓቱን ግማሽ ሒሳብ ላይ ማቃጠል፣ በእኔ እይታ፣ ኪሳራ ነው።

ወደ ታጠፈው ወረቀት እንምጣ።

ዘጠኙ ክፍሎች በተለያየ መንገድ እየተጣመሩ ሌላ ውጤት ይሰጣሉ። በእንግሊዝኛው ላይን ስኮር ይባላል፤ እኔ የዘርፍ ውጤት እለዋለሁ። መለኪያው ከኤኤፍኪውቲ የተለየ ስለሆነ ከ99 ሊበልጥ ይችላል። በምድር ጦር እያንዳንዱ ሙያ የራሱ የዘርፍ ውጤት መቁረጫ አለው። እግረኛ ወታደር ለመሆን በውጊያው ዘርፍ 87 ይበቃል። የጦር ሜዳ ሕክምና ባለሙያ፣ 68 ደብልዩ የሚባለው፣ በጂቲ (ጠቅላላ ቴክኒካል) ዘርፍ 107 እና በኤስቲ (የሠለጠነ ቴክኒካል) ዘርፍ 101 ይጠይቃል። የሳይበር ሥራ፣ 17 ሲ፣ ጂቲ 110 እና ኤስቲ 112። ቁጥሮቹ እንደ ጦሩ ፍላጎት ከፍ ዝቅ ስለሚሉ ሪክሩተራችሁን የዘንድሮውን ጠይቁት።

[ስክሪኑ ላይ፦ ሁለት ሰው፣ ሁለቱም ኤኤፍኪውቲ 55]

ሁለት ልጆች አሉ እንበል፤ ሁለቱም 55 አመጡ። አንደኛዋ በቃላትና በዓረፍተ ነገር ሒሳብ ጠንካራ ናት፤ ጂቲ የሚሠራው ከእነዚህ ስለሆነ የሕክምናው ሥራ ሊከፈትላት ይችላል። ሁለተኛው ውጤቱን ያገኘው ከንጹህ ሒሳብ ነው፤ ንጹህ ሒሳብ ደግሞ ጂቲ ውስጥ የለም። 55 እና 55፣ ግን ሪክሩተሩ ኮምፒውተር ላይ የሚወጣላቸው የሥራ ዝርዝር አይገናኝም።

የጥገና ሙያ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ኤኤፍኪውቲ ውስጥ የማይቆጠሩትን የጋራዥ፣ የመካኒክስና የኤሌክትሮኒክስ ጥያቄዎች እንደ ትርፍ ማየት የለበትም። መካኒክሱ ብዙም አያስፈራም፤ ጥርስ ያላቸው ሦስት ጎማዎች ጎን ለጎን ተያይዘው የመጀመሪያው ወደ ቀኝ ቢዞር ሦስተኛው ወዴት ይዞራል የሚል ዓይነት ነው። (ወደ ቀኝ። መሐከለኛው ነው ወደ ግራ የሚሄደው።) አስቸጋሪው ጋራዡ ነው። ካንዴላና ፍሪሲዮን እያለ ያደገ መካኒክ ዕቃውን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል፤ ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ስሙ ነው የሚጠይቀው። የሥዕል መጽሐፍ ይዛችሁ የዕቃ ስም አጥኑ፤ ሌላ መላ የለውም።

ሌሎቹ የጦር ክፍሎች አሠራራቸው ይለያያል። አየር ኃይል አራት ዘርፍ ብቻ ነው ያለው፦ መካኒካል፣ አስተዳደር፣ ጠቅላላና ኤሌክትሮኒክስ። ባሕር ኃይል የክፍሎቹን ነጥብ ይደምራል። ይኸው ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ሰው ሲያጥረው፣ ኤኤፍኪውቲ ከ10 እስከ 30 ያመጡትንም ለአንድ ሙያ የሚያበቃ የዘርፍ ውጤት እስካላቸው ድረስ እቀበላለሁ ብሎ ነበር። ከ10 በታች ግን በሕግ የተዘጋ ነው።

[ስክሪኑ ላይ፦ ግሪን ካርድ]

አሁን ብዙዎቻችሁን የሚመለከተው። በግሪን ካርድ ወታደር መሆን ይቻላል። ነገር ግን ሴኪዩሪቲ ክሊራንስ (ምስጢር የማየት ፈቃድ) የሚጠይቁ ሥራዎች ለዜጋ ብቻ ናቸው፤ 99 ብታመጡም አይከፈቱም። የሳይበር፣ የስለላና ብዙ የኮምፒውተር ሥራዎች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። መኮንን መሆንም ዜግነት ይፈልጋል። ስለዚህ ሪክሩተር "ለአንተ የለም" ሲል ውጤቱ ነው ወይስ ዜግነቱ ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ፤ መፍትሔያቸው አንድ አይደለም። በአገልግሎት ላይ ሆኖ ለሚቀርብ የዜግነት ማመልከቻ ክፍያ የለም።

ውጤቱ ከሆነ ችግሩ፣ ከአንድ ወር በኋላ እንደገና መፈተን ይቻላል፤ ከዚያ ሌላ አንድ ወር፤ ከዚያ ወዲያ ግን በየስድስት ወሩ ነው። ሳያጠኑ ዕድል መሞከር እዚህ ላይ ይጎዳል። በኮምፒውተር የሚሰጠው ፈተና በመልሳችሁ እየተመራ ቀጣዩን ጥያቄ ያከብዳል ወይም ያቀላል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም የለም።

ምድር ጦር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2022 ጀምሮ ደቡብ ካሮላይና፣ ፎርት ጃክሰን ውስጥ የመሰናዶ ኮርስ ከፍቷል። ሲጀመር ከ21 እስከ 30 ያመጡትን እስከ 90 ቀን ድረስ አስተምሮ በየሦስት ሳምንቱ ይፈትን ነበር፤ ውጤቱ ከፍ ያለለት ልጅ የሥራ ምርጫውን እንደገና መደራደር ይችላል።

[ስክሪኑ ላይ፦ የውል ወረቀት]

ከመፈረማችሁ በፊት የሙያው መለያ ቁጥር ውሉ ላይ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። "ስትሠለጥን ይቀየርልሃል" የሚል የቃል ተስፋ ውል አይደለም። ሪዘርቭ ወይም ናሽናል ጋርድ ከሆነ ደግሞ ውጤታችሁ ቢፈቅድም፣ አካባቢያችሁ ባለው ክፍል ውስጥ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል።

ገብታችሁ ከሆነም ጂቲያችሁ 110 ያልሞላ ቤዝ ውስጥ ያለውን የትምህርት ማዕከል ጠይቁ። ቢሴፕ የሚባል የሒሳብና የንባብ ማጠናከሪያ አለ፤ እሱን ተምራችሁ ስትፈተኑ የዘርፍ ውጤታችሁ ይታደሳል። በምድር ጦር የመኮንንነት ትምህርት ቤትና ስፔሻል ፎርስስ የሚጠይቁት ጂቲም ይሄው 110 ነው።