ያልወጣ የጥበብ ጥርስ ካላመመ ደህና ነው?

[ስክሪን ላይ፦ የሙሉ መንጋጋ ራጅ]

ሰላም ቤተሰብ! ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ ያላችሁ በተለይ ስሙኝ።

የጥበብ ጥርስ፣ ማለትም ከሁሉም ኋላ ያለው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ፣ ብዙ ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው የሚወጣው። ቦታ ካጣ ግን አጥንት ውስጥ ይቀራል። አንዳንዱ ጋደም ብሎ ከፊቱ ያለውን ጥርስ ይገፋል፣ አንዳንዱ ግማሹን ብቻ ብቅ አድርጎ ይቆማል።

ግማሽ የወጣው እንኳ ደግ ነው፣ ያሳውቃል። ድዱ ሥር ምግብ ይገባል፣ ያብጣል፣ ይመግላል፣ አፍ መክፈት ያቅታል። የሰፈራችን መላ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ቅርንፉድ መንከስ፣ በአረቄ መጉመጥመጥ፣ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ሁለት ቀን ውጦ መተው። ሕመሙ ጋብ ይላል፣ ጥርሱ ግን እዚያው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ጭራሽ የማያመው ነው።

[ስክሪን ላይ፦ ጥቁር ክብ፣ ውስጡ የጥርስ አናት]

እዩት። ያልወጣ ጥርስ አናቱ በስስ ሽፋን የተከበበ ነው። አንዳንዴ በሽፋኑና በጥርሱ መሃል ፈሳሽ ይጠራቀምና ቀስ እያለ እንደሚነፋ ፊኛ አጥንቱን እየገፋ ያድጋል። ከጥርሱ አንገት ላይ ተያይዞ ነው የሚያድገው፤ ለዚህ ነው አናቱ ጥቁሩ ክብ ውስጥ ገብቶ የሚታየው። ዴንቲጀረስ ሲስት ይባላል፤ ሲስት ማለት ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው። በጥርሱና በሽፋኑ መሃል ያለው ክፍተት ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ ሐኪም ይጠረጥራል። ለዓመታት ምንም ላያም ይችላል። ሰው የሚነቃው ጉንጩ ሲያብጥ፣ ደህና ጥርሶቹ ሲነቃነቁ፣ ሲብስም መንጋጭላው በቀላል ምት ሲሰበር ነው።

እዚያው ቦታ ላይ ራጁ የሚመሳሰል ሌላም አለ። ኬራቶሲስት የሚባለው ሌላ ዓይነት ሲስት በአጥንቱ ርዝመት ውስጥ ውስጡን ስለሚሄድ ፊት ቶሎ አያብጥም፣ ከወጣ በኋላም የመመለስ ጠባይ ስላለው ለዓመታት ክትትል ይፈልጋል። አሜሎብላስቶማ ደግሞ ዕጢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ግን ዙሪያውን አጥንት እየበላ ይሄዳል፣ ዝም ብሎ ተፍቆ ከወጣ ይመለሳል፣ ስለዚህ አንዳንዴ የመንጋጭላውን ክፍል ቆርጦ ማውጣት ግድ ይሆናል። ታዲያ ራጅ ብቻውን እነዚህን አይለይም። ቀዶ ሕክምና ካደረጋችሁ «የወጣው ሥጋ ለፓቶሎጂ ምርመራ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ እንዲታይ፣ ተላከ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በፍጹም አትፈሩ፣ መብታችሁ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር። ትንሿ የጥርስ ራጅ ሁለት ሦስት ጥርስ ነው የምታሳየው፣ የመንጋጭላውን የኋላ ጥግ ሙሉ አታሳይም። ሙሉ መንጋጋውን በአንዴ የሚያሳየውን ፓኖራሚክ ራጅ አስጽፉ። ታክሲ ተሰልፎ መሃል ከተማ መግባት ግማሽ ቀን እንደሚበላ አውቃለሁ፣ ግን ይህ ራጅ ሌላም ጥቅም አለው፤ ለታችኛው ከንፈር ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ከጥርሱ ሥር ምን ያህል እንደሚቀርብ ለነቃዩ ያሳየዋል። ሳይታይ ከተነቀለና ነርቩ ከተጎዳ ከንፈር ሊደነዝዝ ይችላል።

የተቀበረ ሁሉ ይነቀል እያልኩ አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው መመሪያም በሽታ የሌለበት የተቀበረ የጥበብ ጥርስ ዝም ብሎ እንዳይነቀል ይመክራል። ግን በሽታ የለበትም ለማለት መታየት አለበት።

ጉንጭ ውስጥ የማያም ጠጣር እብጠት ካለ ወይም ከንፈር ያለምክንያት ከደነዘዘ ቀጠሮ አታራዝሙ። ጥርሱ ሳይነቀል ይተው የተባላችሁም ራጁን አትጣሉት። በሚቀጥለው ይዛችሁት ሂዱ፤ በጥርሱና በሽፋኑ መሃል ያለው ክፍተት መስፋት አለመስፋቱ የሚታወቀው የድሮው ከአዲሱ ጋር ሲተያይ ነው።