በረዶውን ማን ይክፈል?

እንደምን አደራችሁ። የሆቴልና የምግብ ቤት ገዢዎች፣ አሳ ነጋዴዎች፣ ከየሐይቁ ዳር ተነስታችሁ አዲስ አበባ ድረስ የመጣችሁ የማህበር ተወካዮች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አሳ ወደ ውጭ ስለ መላክ እንደማወራ ስትሰሙ "ባሕር የሌለው አገር ምን ይልካል?" ሳትሉ አልቀራችሁም። ኡጋንዳም ባሕር የላትም። የቪክቶሪያ ሐይቅን ነጭ አሳ ግን ለአውሮፓ ትሸጣለች። መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ አንዴ ሳልሞኔላ፣ አንዴ ኮሌራ እየተባለ ገበያው ተዘጋ። በ1999 ደግሞ አንዳንዶች አሳውን በመርዝ ያጠምዳሉ ተባለና ሽያጩ እንደገና ቆመ። ተመልሰው ሲገቡ የተስተካከለው ፋብሪካው ብቻ አልነበረም። አሳው የሚራገፍበት ዳርቻ ተስተካከለ። በረዶ ጭነው፣ ሙቀት በማያስገባ ሣጥን አሳ የሚሰበስቡ ጀልባዎችም መጡ።

እኛ ጋ ነገሩ የሚጀመረው ከወረቀት ነው። ማኅተም፣ ሰርተፊኬት፣ ቢሮ። ጀልባዋን ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

የአውሮፓ ኅብረት ግን ያያል። በፈረንጆቹ 2004 የወጣው ቁጥር 853 ደንብ ስለ ጀልባና ስለ መርከብ ብዙ ይላል። ጀልባው ሆዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ፣ ነዳጅ፣ ዘይት፣ ጭስና የሽንት ቤት ቆሻሻ አሳውን እንዳይነካ ተደርጎ መሠራት አለበት። አሳ የሚነካው ገጽ ለስላሳ፣ የማይዝግ፣ በቀላሉ የሚታጠብ ይሁን ይላል። አሳው የሚታጠብበት ውሃ የሚሳብበት ቦታም ከብክለት የራቀ መሆን አለበት። ይህን ማንም ያውቀዋል ትላላችሁ። ሞተሩና የአሳው ክምር ጎን ለጎን የተቀመጡበትን ጀልባ ያየ ሰው ግን እንደዚያ አይልም።

አሳን ከ24 ሰዓት በላይ ይዘው የሚቆዩ መርከቦች ላይ ደንቡ ይጠብቃል። የአሳው ክፍል ከሞተሩም ከሠራተኞቹ መኝታም መለየት አለበት። ትኩሱ አሳ ሙቀቱ ወደሚቀልጥ በረዶ የተጠጋ ይሁን። የቀዘቀዘው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይቆይ። ማቀዝቀዣ መርከቡ ሙቀቱን የሚመዘግብ መሣሪያ ይኑረው፤ መለኪያውም የሚገጠመው ክፍሉ ውስጥ ይበልጥ በሚሞቀው ቦታ ነው። እኔ ይህን አንቀጽ እወደዋለሁ። ሰው መለኪያውን የት እንደሚሰቅል በደንብ አውቀው ነው የጻፉት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቱናና ማኬሬልን የመሰሉ የባሕር አሳዎች ሙቀት ላይ ሲቆዩ ሂስታሚን የሚባል፣ የበላውን ሰው የሚያሳምም ነገር ይፈጠርባቸዋል። በማሽተት አይታወቅም። ቢጠበስም ቢቀቀልም አይጠፋም። መርከቡ ላይ የተበላሸውን የትኛውም ጎበዝ ሼፍ አያድነውም።

የእኛ ቆሮሶና አምባዛ በሂስታሚን ብዙም አይታሙም። የሚበላሹበት ሌላ መንገድ ግን አላቸው። ተረቱ ግማቱ ከአናቱ ይላል፤ ስንጥቡና የሆድ ዕቃው ቀድመው ስለሚበላሹ ብዙም አልተሳሳተም። ስለዚህ ሆድ ዕቃው ቶሎ ይውጣ፣ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ በረዶ ይልበስ። በረዶውም ከሚጠጣ ውሃ የተሠራ ይሁን። በበረዶ በደንብ የተያዘ የሞቃት ውሃ አሳ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ መቆየት ይችላል። በፀሐይ የዋለው ግን ማታ ላይ አበቃለት። ከጫሞ እስከዚህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን አትርሱ።

የጣና ሰዎች እንዳትቀየሙኝ፣ ታንኳ ያምራል። የሚሠራበት ደንገል ግን ውሃ ይመጥጣል፤ አጥቦ ማድረቅም ዘበት ነው። ታንኳውን ጣሉት አላልኩም። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ይቀመጥበትና አሳው ደንገሉን አይንካ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አጥማጁ ይህን ሁሉ አያውቅም የሚል ሰው አለ። ያውቃል እንጂ። ችግሩ ሒሳቡ ነው። በረዶ የገዛውም ያልገዛውም አሳውን የሚሸጠው በአንድ ዋጋ ነው። ታዲያ ምን ቆርጦት በረዶ ይገዛል? ሥልጠና እንስጠው ይባላል። ባለፈው ሥልጠናም ከሰርተፊኬት ሌላ የተረፈው ነገር የለም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ገዢዎች፣ ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። የውጭው ገበያ እስኪመጣ ምን ያስጠብቀናል? እዚሁ ስታዲየምና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉ ኩሽናዎች ዛሬውኑ ሊጀምሩት ይችላሉ። አሳ ስትረከቡ ቴርሞሜትር ስንጥቡ አጠገብ፣ ሥጋው ወፈር ካለበት ላይ ሰክታችሁ እዩ። ከ4 ዲግሪ በታች ለሆነው ጨምራችሁ ክፈሉ፤ ለሞቀው ቀንሱ፣ በጣም ለሞቀው መልሱ። ዋጋውን ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉት። ሹፌሩ ያነበዋል፣ ለነጋዴው ይነግረዋል፣ ነጋዴው ለማህበሩ ይደውላል።

ማህበራት ደግሞ ጭማሪው ነጋዴው ኪስ ውስጥ እንዳይቀር ውላችሁ ላይ አስገቡት። ጾሙ ሲገባ የአሳ ፍላጎት ይጨምራል፤ የሞቀውም የቀዘቀዘውም እኩል ይሸመታል። ዋጋው ከዚያ በፊት ቢለይ ጥሩ ነው። ከሻይ በኋላ ቴርሞሜትሩን በእጃችሁ ይዛችሁ የምትሞክሩበት ጠረጴዛ ከበሩ በስተቀኝ አለ። አሳም አምጥተናል፣ በበረዶ የመጣና ያለ በረዶ የመጣ።

አመሰግናለሁ።