ፋይሉን በስሙ አትመኑት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የፋይልን ስም ግን መልአክ አያወጣውም። የፈለገ ሰው በአንድ ሰከንድ ይቀይረዋል። ለዚህ ነው እኛ የዲጂታል ማስረጃ መርማሪዎች ስም አይተን የማንፈርደው።

አንድ ዲስክ ቀረበላችሁ እንበል። ውስጡ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ፋይል አለ። አብዛኛውን የዲስኩ ባለቤት ከነመኖሩም አያውቀውም። ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የመጣ ፎንት፣ አይከን፣ የእገዛ ጽሑፍ ነው። አንድ በአንድ ልክፈት ብትሉ ዕድሜ አይበቃችሁም።

ሃሽ የሚያግዘን እዚህ ላይ ነው። ሃሽ ማለት ለፋይሉ እንደ ጣት አሻራ የሚያገለግል የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። የሚሰላው ፋይሉ ውስጥ ካለው ዳታ ነው። ስሙን ቀይሩት፣ ፎልደሩን አዛውሩት፣ ሃሹ ያው ነው። ከውስጡ አንዲት ቢት ብትነካ ግን ጭራሽ ሌላ ይሆናል። ሻ-256 የሚባለውን የሃሽ ማስሊያ ዘዴ ከተጠቀማችሁ፣ ፋይሉ አንድ መስመርም ይሁን ሙሉ ፊልም፣ የምታገኙት 64 ፊደልና ቁጥር ነው።

ኒስት የሚባለው የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ብሔራዊ የሶፍትዌር ማጣቀሻ ቤተ መጻሕፍት አለው። እዚያ ሶፍትዌር ይሰበስባሉ፤ የእያንዳንዱን ፋይል ሃሽ ያሰላሉ፤ ዝርዝሩን በነፃ ይለቃሉ። እናንተ የዲስካችሁን ሃሾች ከዚያ ጋር ታስተያያላችሁ። የገጠመውን ገሸሽ ታደርጉና በቀረው ላይ ትሠራላችሁ።

ገሸሽ ስታደርጉ ግን ቀስ በሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የተገኘ ፋይል «የታወቀ» ነው እንጂ «ንጹሕ» አይደለም። እዚያ ውስጥ የሃኪንግ መሣሪያ አለ። ምስጢርን ፎቶ ውስጥ የሚደብቅ ፕሮግራምም አለ። ሃሽ «ይህ ፋይል ያ ፋይል ነው» ከማለት አያልፍም፤ ስለ ጠባዩ አልተጠየቀም። መደበቂያውን ፕሮግራም «የታወቀ ነው» ብላችሁ ብትዘሉት፣ ዋናውን ፍንጭ በገዛ እጃችሁ ጣላችሁት ማለት ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ የሌለውም ወዲያው ተጠርጣሪ አይሆንም። ትናንት የወጣ አፕዴት ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ ሲጫን ራሱ የፈጠረው የሴቲንግ ፋይልም ሊሆን ይችላል።

ኤምዲ5 እና ሻ-1 የሚባሉት የቆዩ የሃሽ ማስሊያ ዘዴዎች ተሰብረዋል ሲባል ሰምታችኋል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዋ ሺያዩን ዋንግና ባልደረቦቿ የተለያየ ዳታ አንድ ዓይነት የኤምዲ5 ሃሽ ሲያወጣ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ጉግል ከአንድ የአምስተርዳም የምርምር ተቋም ጋር ሆኖ የሻ-1 ሃሻቸው አንድ የሆነ ሁለት የተለያዩ ፒዲኤፎች ሠራ። ታዲያ በነዚህ ዘዴዎች የተሰላው የድሮው ዝርዝር ይጣል? እኔ አልጥለውም። በነዚህ ጥቃቶች ሁለቱንም ፋይል የሚያዘጋጀው አጥቂው ራሱ ነው። ቀድሞ የነበረን የሌላ ሰው ፋይል ሃሽ የሚያወጣ አዲስ ፋይል መሥራት በኤምዲ5 እንኳ በተግባር አልተቻለም። አዲስ ሥራ ስትጀምሩ ግን ሻ-256 ይሁን፤ በዚህ አልደራደርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ባዶ ፋይልም ሃሽ አለው፤ ዜሮ ባይት የሆነ ሁሉ ሃሹ አንድ ነው። አንዱ ሃሽ ሺህ ጊዜ ተደጋግሞ ብታዩት አትደንግጡ፤ መጀመሪያ የፋይሉን መጠን ተመልከቱ።

በሉ፣ ላፕቶፓችሁን ክፈቱ። በሰጠኋችሁ የዲስክ ኮፒ ውስጥ «ካልኩሌተር» የሚል ፋይል አለ። ሃሹን አስሉና ማን እንደሆነ ንገሩኝ።