ቃል ብቻውን አይጠናም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ጉዳዬ ለአይኤልትስ፣ ማለትም ለዓለም አቀፉ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና፣ የሚጠኑ የአካዳሚክ ቃላት ነው።

500 ቃል ከነትርጉሙ ሸምድዶ ፈተና ላይ አንዱም ትዝ የማይለው ሰው ብዙ ነው። ስንፍና አይደለም። ያጠናው ቃሉን ሲያየው ለመለየት ነው፤ ፈተናው ደግሞ ቃሉን ከራሱ አውጥቶ እንዲጽፍ ይጠይቀዋል። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ለንባቡ ክፍል መለየት ሊበቃ ይችላል፦ በ60 ደቂቃ 40 ጥያቄ ነው፣ የምንባቡ ሐሳብ ጥያቄው ላይ በሌላ ቃል ተለውጦ ይመጣል። በጽሑፍና በንግግር ግን የቃላት አጠቃቀም ከ4ቱ የማረሚያ መስፈርቶች አንዱ ነው፤ የክፍሉን ነጥብ ሩብ ይይዛል።

የትኛውን ቃል ላጥና ለሚል፣ ጥሩ ዝርዝር አለ። አቭሪል ኮክስሄድ የተባሉ የኒውዚላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ነው። 3.5 ሚሊዮን ቃላት ያህል ካለው የአካዳሚክ ጽሑፍ ስብስብ 570 የቃላት ቤተሰቦችን ለቅመው አወጡ። በጣም የተለመዱት 2,000 የእንግሊዝኛ ቃላት እዚህ ውስጥ አልተካተቱም፤ እነሱ ካልተያዙ ወደዚህ መሮጥ ትርፉ ድካም ነው። ዝርዝሩ በ10 ተከፍሏል፤ የመጀመሪያው ክፍል 60 ቃላት በብዛት የሚመላለሱት ናቸው። ስለዚህ በፊደል ተራ አትሂዱ። በፊደል ተራ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሲ ሳይደርስ ይሰለቸዋል።

ቤተሰብ ሲባል አናላይዝ፣ አናሊሲስ፣ አናሊቲካል አንድ ላይ ማለት ነው። ድምፅ ጎላ ብሎ የሚነገርበት ቦታ እንደሚቀያየርም ልብ በሉ፦ በአናላይዝ የመጀመሪያው ክፍለ ቃል፣ በአናሊሲስ ሁለተኛው፣ በአናሊቲካል ሦስተኛው። ይህን ሳይለዩ ማጥናት ንግግር ላይ ያስጠይቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በአማርኛ ሚና ይጫወታል እንጂ ሚና ይሠራል አንልም። ተጽዕኖ ያሳድራል፣ እርምጃ ይወሰዳል። ለምን ብንባል መልስ የለንም፤ እንዲህ ነው የሚባለው። እንግሊዝኛም እንደዚያው ነው፤ ቃሉ ከነጓደኛው ነው የሚጠናው። አንዳንዴ ይቀናናል፦ “ፕሌይ ኤ ሮል” ቁርጥ ሚና መጫወት ነው፣ “ቴክ ሜዠርስ” እርምጃ መውሰድ። ችግሩ የማይገጥሙት ላይ ነው። ውሳኔ መስጠት ስለለመድን “ጊቭ ኤ ዲሲዥን” ብለን እንጽፋለን፤ የሚባለው ግን “ሜክ ኤ ዲሲዥን” ነው። ጥናት ማድረግ ደግሞ “ሜክ ኤ ሪሰርች” ይሆንና ሁለት ስህተት ባንዴ ይወጣል። ግሱ “ኮንዳክት” ወይም “ዱ” መሆን ነበረበት፤ ሪሰርች ደግሞ የማይቆጠር ስም ስለሆነ ከፊቱ “ኤ” አይቀበልም።

ስለዚህ የቃል ማጥኛ ካርድ ስትሠሩ ፊት ለፊት ቃሉን አትጻፉ። የአማርኛውን ሐሳብና ቃሉ የጎደለበትን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከጀርባው ቃሉ፣ ቤተሰቡና ሁለት ጓደኞቹ ይቀመጡ። ጮክ ብላችሁ ሳትመልሱ አትገልብጡት፤ ገልብጦ “አዎ፣ አውቀው ነበር” ማለት ራስን መሸንገል ነው።

በቀን 8 አዲስ ቃል፣ በሳምንት 5 ቀን፤ 2ቱ ቀን ክለሳ ብቻ። በዚህ ፍጥነት 570ው ከ14 ሳምንት ትንሽ ይበልጣል። 6 ሳምንት ብቻ ከቀራችሁ የመጀመሪያዎቹን 4 ክፍሎች፣ ማለትም 240 ቃላት ያዙና ሌላውን ተዉት። እያንዳንዱን ካርድ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ21ኛው ቀን ከልሱ፤ የተሳሳታችሁት ወደ 1ኛው ቀን ይመለሳል። እንደ ፕሮሲድ (መቀጠል) እና ፕሪሲድ (መቅደም) ያሉ ድምፃቸው የሚመሳሰል ቃላትን ግን ባንድ ቀን አታጥኑ። አንዱ ሳይጸና ሌላው ከመጣ ሁለቱም ይምታታሉ።

ብርቅ ቃል ነጥብ ይጨምራል የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ይጎዳል። “ፕሌቶራ”ን ውሰዱ። ብዙ ለማለት በየቦታው ይወተፋል፤ ቃሉ ግን “ከልክ በላይ የበዛ” የሚል ጥላ አለው። ጥቅምን ስትዘረዝሩበት እንግዳ ነው። ቦታው ላይ የገባ “ሲግኒፊካንት” ይሻላል።

መፈተኛው ቀላል ነው። በ40 ደቂቃ 250 ቃል ያለው ድርሰት ጻፉ፣ አሳድሩት። በማግስቱ ካጠናችኋቸው ቃላት የገቡትን አስምሩባቸውና የእያንዳንዱን ጓደኛ ከመዝገበ ቃላቱ ምሳሌ ጋር አስተያዩ። ፊደሉንም ተመልከቱ፤ ማዳመጥ ላይ መልሱን ሰምታችሁት ፊደል ከሳታችሁ ነጥብ የለም። “ኢንቫይሮንመንት” ውስጥ ከኤም በፊት ያለችው ኤን ስንናገር ስለምትዋጥ ስንጽፍም ትረሳለች። እንዲህ ያለውን ፊደል ካርዱ ላይ በቀይ አቅልሙት።