ረዳቱ የማያያት ሳጥን፦ በሥነ ልቦና ዲግሪ ምን እንማራለን?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ሥነ ልቦና ትምህርት እናወራለን፤ ስለ መጀመሪያ ዲግሪው። ከጻፋችሁልኝ መካከል አንዳንዶቻችሁ አንደኛ ዓመት ላይ የሚሰጠውን ጄኔራል ሳይኮሎጂ ወስዳችሁ ወደዳችሁት፤ አሁን የትምህርት ክፍል መምረጫው ቀን ደርሶባችኋል። ሌሎቻችሁ ሳትመርጡት ተመድባችሁ «ይህን ተምሬ ምን ልሆን ነው?» እያላችሁ ነው። ከሁለታችሁም ግን አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይመጣል፤ «ስንመረቅ ሰው ምን እንደሚያስብ ማወቅ እንችላለን?»

ይህን ጥያቄ እኔም ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ እሰማዋለሁ። እህቴ ልትታጭ ሰሞን አክስቴ ወደ ጓዳ ጠርታ «አንቺ የተማርሽው ይህንኑ አይደል? ልጁን አየት አድርጊውና ንገሪኝ፤ ልቡ ንጹሕ ነው?» አለችኝ። «እትዬ፣ እኔ በማየት አላውቅም» ስላት ተቀየመችኝ። የደበቅኋት መሰላት። ስለዚህ ዛሬ ይህን ነገር በደንብ እንየው። ለእኔ ከሚኒባስ ታክሲ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ከሜክሲኮ ወደ አየር ጤና በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችኋል እንበል። ረዳቱ በሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ቆሟል። «ሒሳብ! የኋላ፣ ሒሳብ!» ይላል። ይህ ሰው በቀን ስንት ፊት ያያል? ስንት እጅ፣ ስንት ዓይን? እኔ ረዳቶችን ከልቤ አከብራለሁ። መልስ ሲጎድልበት ማን እንደሚቆጣ፣ ማን «ወራጅ አለ» ለማለት እንደሚያፍር ያውቃሉ። አንዱን ብትጠይቁት «ያልከፈለ ሰው ዓይኑ ያስታውቅበታል» ይላችኋል። ወደ መስኮት ያያል፣ ስልኩን ይነካካል። በዚህ ዘዴ ለዓመታት ብዙ ሰው ይዟል። ታዲያ ዘዴው ይሠራል ማለት ነው?

አራት ሳጥን እንሣል። (አራቱ ሳጥኖች አንድ በአንድ ይታዩ።) በመጀመሪያው ውስጥ ረዳቱ የጠረጠራቸውና እውነትም ያልከፈሉ ይግቡ። በሁለተኛው የጠረጠራቸው፣ ግን የከፈሉ፤ «ከፍያለሁ እኮ!» የሚሉት። በሦስተኛው ያልጠረጠራቸው፣ ግን ያልከፈሉ። በአራተኛው ያልጠረጠራቸው፣ የከፈሉም።

የመጀመሪያው ሳጥን ድል ነው፤ ማታ ለሾፌሩ ይተረካል። ሁለተኛው ትንሽ ያሳፍራል፤ «ይቅርታ፣ አላየሁህም» ተብሎ ይረሳል። አራተኛውን ማንም አይቆጥረውም። ሦስተኛውስ? እዚህ ላይ ቆዩልኝ። ሦስተኛውን ረዳቱ ሊያየው አይችልም። ያ ሰው ረዳቱን ቀጥ ብሎ አይቶት፣ ፈገግ ብሎ፣ «ወራጅ» ብሎ ወርዷል። ረዳቱ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን እንኳን አያውቅም። ስለዚህ እምነቱ በየቀኑ እየጠነከረ ይሄዳል፤ እምነቱን የሚያፈርሱበት ሰዎች ወርደው ሄደዋላ!

ሥነ ልቦና መማር ማለት ወርደው የሄዱትን መቁጠር መማር ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ወደ አክስቴ ጥያቄ ልመለስ። ሰውን አይቶ ውሸቱን መለየት ይቻላል? ይህ ተቆጥሯል። ቦንድ እና ደፓውሎ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ከ24 ሺህ በላይ ሰዎች የሌላውን ንግግር «እውነት ነው» ወይም «ውሸት ነው» ብለው የፈረዱባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ ሰብስበው መረመሩ። ሰዎች እውነትና ውሸትን በትክክል የለዩት በአማካይ ከ100 ጊዜ 54ቱን ነው። ሳንቲም ብትወረውሩ 50 ታገኛላችሁ። ሥራቸው ውሸትን መለየት የሆነባቸው ባለሙያዎችም ከሌላው ሰው አልተሻሉም። አክስቴ ይህን ብትሰማ ይቅር ትለኝ ነበር።

«ግን እኔ የሄድኩበት ኮከብ ቆጣሪ ሁሉንም ነገር በትክክል ነግሮኛል» ያላችሁም አላችሁ። ይህንም እንየው። በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ የባሕርይ ፈተና ሰጣቸው፤ በኋላም ለእያንዳንዳቸው «ያንተ ውጤት» ብሎ ጽሑፍ አደላቸው። ትክክለኛነቱን ከ5 እንዲመዝኑት ሲጠይቃቸው አማካዩ 4.26 ሆነ። ጽሑፉ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር! ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቀመ። «አንዳንድ ጊዜ ተጫዋች ነህ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቁጥብ ነህ» ቢባል ማን አይደለሁም ይላል?

(ቻናሉን ገና ያልተቀላቀላችሁ ተቀላቀሉ፤ ደወሏንም ተጫኑ። የምትጽፉልኝን ሁሉ አነባለሁ፤ ይህ ቪዲዮም የመጣው ከእናንተ ጥያቄ ነው።)

አሁን ተማሪ ሁሉ ወደሚፈራው፣ ወደ ስታቲስቲክስና ምርምር ዘዴ። መሠረቱን ብቻ ባጭሩ ልንገራችሁ። ናሙና ትወስዳላችሁ፤ ከብዙ ሰው ጥቂቱን መርጣችሁ ማለት ነው። አማካይና መደበኛ ልይይት ታሰላላችሁ፤ ልይይቱ ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ ያሳያል። ተዛምዶ ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን ይነግራችኋል፤ አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን አይነግራችሁም። ለዚያ ተሳታፊዎችን በዕጣ በቡድን ከፍሎ፣ በአንዱ ቡድን ላይ ሞክሮ ከሌላው ጋር ማወዳደር ያስፈልጋል። ፒ ቫልዩ የሚባለው ቁጥር ደግሞ በቡድኖቹ መካከል በእውነት ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የማግኘት ዕድላችሁን ይለካል። ከ0.05፣ ማለትም ከ100 ጊዜ ከ5 ሲያንስ፣ ውጤቱ በአጋጣሚ ብቻ የመጣ አይመስልምና «ጉልህ» ይባላል። አለቀ።

ሳይንሱ ራሱም ሦስተኛ ሳጥን አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች ተባብረው በመጽሔት የወጡ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሠሩ። ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶው ጉልህ ውጤት ነበራቸው፤ ሲደገሙ ግን 36 በመቶው ብቻ። አንዱ ምክንያት ያልተሳካ ጥናት ብዙውን ጊዜ ሳይታተም መሳቢያ ውስጥ መቅረቱ ነው። ወርዶ ሄደ ማለት ነው። እኔ ይህን ስማር ሙያዬን የበለጠ ወደድኩት፤ የራሱን ስህተት ቆጥሮ አደባባይ ያወጣ ትምህርት እምነት ይጣልበታል።

ሌላም አለ። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር የሚያሳትማቸው ስድስት መጽሔቶች እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2007 ያወጧቸው ጥናቶች ሲፈተሹ፣ ከናሙናዎቹ 68 በመቶው ከአሜሪካ የተወሰዱ ነበሩ። የእኛ ሰው የት አለ? ለመመረቂያ ጽሑፌ መጠይቅ ይዤ ገበያ የወጣሁበትን ቀን አልረሳውም። መጠይቁ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው። አንዲት በርበሬ ሻጭ እናት ፊት ተቀምጬ አነበብኩ። «ባለፈው ሳምንት ሐዘን ተሰምቶኛል፤ በፍጹም፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ?»

«ተመስገን ነው ልጄ» አሉኝ።

«እንቅልፍ አጥቻለሁ?» «ተመስገን።» «ምግብ አላሰኘኝም?» «እሱ ይመስገን።» ተመስገንን የት ላድርገው? ምልክት የማደርግበት ቦታ የለም። «በፍጹም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወረቀቱን አጠፍኩ። ልነሳ ስል «ልጄ ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ ሆዴ ይባባል፤ ማታ ማታ አልተኛም» አሉኝ። በእኔ ወረቀት ላይ ግን እኚህ እናት ደኅና ናቸው! በዚያ ዘመን ስንት ወረቀት እንዲህ እንደሞላሁ ሳስብ ዛሬም ያመኛል። የምትማሩ ልጆች፣ ሆድ መባባትን፣ ሆድ መባስን፣ አንጀት መቃጠልን በወጉ የሚለካ መጠይቅ ከእናንተ እጅ እንዲወጣ በጣም እፈልጋለሁ።

ሥራውን በተመለከተ ባጭሩ፦ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ክሊኒካል የሥነ ልቦና ባለሙያ አትሆኑም፤ ለዚያ ሁለተኛ ዲግሪና በክትትል የሚሰጥ ልምምድ ያስፈልጋል። መድኃኒት የሚያዝዘው ሳይካትሪስት ደግሞ መጀመሪያ ሕክምና የተማረ ሐኪም ነው። ትምህርት ቤት፣ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ የእርዳታ ድርጅት ግን በዲግሪው ይገባባቸዋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ስላለ የምርምር ዘዴ ማስታወሻችሁን አትጣሉ።

በሉ፣ ለዚህ ሳምንት ሥራ ልስጣችሁ። ትንሽ ደብተር ያዙ። ጓደኛችሁ ገና ሳይናገር «ዛሬ ተቆጥቷል»፣ «ዛሬ ደስ ብሎታል» ብላችሁ ገምታችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ራሱን ጠይቁት። «ዛሬ ምንም የለም» ያላችሁባቸውን ቀኖችም ጠይቁ፤ እነሱን እንዳትዘሉ። በሰባተኛው ቀን አራቱን ሳጥን ሞልታችሁ ቁጥሩን ከታች ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ቪዲዮ አንድ ላይ እንደምረዋለን።