የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ሐሳባዊነት በፎርማል ሴማንቲክስ ሲመረመር

የሎጂክ መምህሩ ከአድማጮች በስልክ ለቀረቡ ጥያቄዎች የሰጡት መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ፎርማል ሴማንቲክስ ምንድን ነው?

መልስ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር እውነት እንዲሆን ምን መሟላት እንዳለበት በሎጂክ ቋንቋ በጥብቅ የሚገልጽ ትምህርት ነው።

ጥያቄ፦ ሐሳባዊነትን፣ ማለትም ከአእምሮ ውጭ የሚኖር ነገር የለም የሚለውን አቋም፣ የሚያራምደው ፈላስፋ በርክሌይ «ማንም የማያስበው ዛፍ ለማሰብ ብትሞክር ያኔውኑ አስበኸዋል፤ ስለዚህ ከአእምሮ ውጭ የሚኖር ዛፍ የለም» ሲል ይሞግታል። መልስ አጣሁለት። ትክክል ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ዘወትር እሰማዋለሁና ረዘም አድርጌ ብመልስ ታገሡኝ። ሙግቱ በ1710 እ.ኤ.አ. በታተመው የበርክሌይ ድርሳን ውስጥ ይገኛል፤ ብዙ ብርቱ ተማሪዎችም ሲሰናከሉበት አይቻለሁ። ስሕተቱ የተሸሸገው «አንድ» በምትለው ትንሽ ቃል ግዛት፣ ማለትም ቃሉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እስከ የት ድረስ እንደሚገዛ፣ ውስጥ ነው። «ማንም የማያስበው አንድ ዛፍ አስባለሁ» ስንል ሁለት ፍቺ ይኖረዋል። በመጀመሪያው፣ አንድ የተለየ ዛፍ አለ፤ እኔ ስለ እርሱ አስባለሁ፤ ስለ እርሱ የሚያስብ ግን ማንም የለም፤ ይህ በእርግጥ ራሱን ይቃረናል። በሁለተኛው ግን ያሰብሁት «ማንም የማያስበው ዛፍ ይኖራል» የሚለውን ነገር ብቻ ነው፤ የትኛውንም ዛፍ ለይቼ ስላልያዝሁ ቅራኔ አይፈጠርም። ማንም ያልቆጠረው ኮከብ እንዳለ የሚያምን ሰው ያንን ኮከብ ቆጠረው አይባልምና። የበርክሌይን ተቃዋሚ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ፍቺ ሲሆን፣ ሙግቱ የሚያፈርሰው የመጀመሪያውን ነው። የሎጂክ ሊቁ አርተር ፕራየር በ1955 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሙግት በሎጂክ ቀምሮ መርምሮታል። ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ የቃሉን ግዛት ሳትለዩ ድምዳሜውን አትቀበሉ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ሐሳባዊነት ፈረሰ?

መልስ፦ አልፈረሰም፤ የወደቀው አንድ ሙግት ነው። የሎጂክ ሊቁ ታርስኪ ራሱ የእውነት ትርጓሜው ሐሳባዊውንም ተቃዋሚውንም ከአቋሙ እንደማያናውጥ በ1944 እ.ኤ.አ. ጽፏል፤ «በረዶ ነጭ ነው» የሚለው እውነት የሚሆነው በረዶ ነጭ ሲሆን ነው ማለት በረዶው ከአእምሮ ውጭ ስለ መኖሩ አንዳች አይናገርም።

ጥያቄ፦ «እውነት ሁሉ ሊታወቅ ይችላል» ብሎ ማመንስ ምን ጉዳት አለው?

መልስ፦ ከሚታሰበው በላይ አለው። በ1963 እ.ኤ.አ. የሎጂክ ሊቁ ፊች ያሳተመው ማስረጃ፣ እውነት ሁሉ ሊታወቅ የሚችል ከሆነ እውነት ሁሉ አስቀድሞ ታውቋል ወደሚል ድምዳሜ ይመራል፤ «ይህ እውነት ነው፣ ግን ማንም አያውቀውም» የሚለውን ማንም ሊያውቀው አይችልምና፤ ያወቀው ቢኖር «ማንም አያውቀውም» የሚለው ሐሰት ይሆናል። ህልውናን ከመታወቅ ጋር ለሚያስተሳስር ሐሳባዊ ይህ ከባድ ፈተና ነው። እዚህም «ይችላል» የሚለው ቃል ግዛት ወሳኝ ስለሆነ፣ ማስረጃውን ለብቻችሁ ከመፍረድ ይልቅ ሞዳል ሎጂክ፣ ማለትም ስለሚቻለውና ግድ ስለሆነው ነገር የሚመረምረውን ሎጂክ፣ ከሚያስተምር ባለሙያ ጋር ተቀምጣችሁ መስመር በመስመር ተከታተሉት።